የእንጦጦ እንጨት

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ኮረብታዋ ላይ የተሠራውን የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም እንግዳ፣ ቦታው መጀመሪያ የታሰበው ለቤተ መንግሥት እንደነበር ካልነገሩት አይገምትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቆርጠው ነበር። ግንባታው ተጀመረ፤ መንገድም ተጠረገ። የቸኮሉት ጠላት ስለመጣ ወይም ወረርሽኝ ስለገባ አልነበረም። አዲስ አበባ የምታነደው እንጨት አልቆባት ነው።

ከተቆረቆረች ገና አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው ነገሩ የሚያስደነግጥ አልነበረም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት መናገሻቸውን ይዘው ሲዞሩ ኖረዋል። ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነሎሌውና ከነጋማ ከብቱ አንድ ቦታ ይሰፍራል፤ የአካባቢው እህል ሲመናመንና ዛፉ ሲራቆት ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ጎንደር ከዚህ ልማድ ለረዥም ጊዜ ያፈነገጠች ከተማ ነበረች። ምኒልክ ራሳቸው ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንኮበርን፣ ልቼን፣ ደብረ ብርሃንንና ወረኢሉን እያፈራረቁ ተቀምጠውባቸዋል። የእነዚህን ዘዋሪ መናገሻዎች ታሪክ ያጠናው የጂኦግራፊ ምሁር ሮናልድ ሆርቫዝ፣ ለመናገሻዎቹ መነሣት ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ እጥረት ነው። የታሪክ መጻሕፍት ጦርነትን በቀን በቀኑ ይመዘግባሉ፤ ስለ ምድጃ ግን እምብዛም አይጽፉም። የከተሞችን ዕጣ ሲወስን የኖረው ግን ብዙ ጊዜ ምድጃው ነው።

እንጦጦ የተመረጠው ለጦር ስለሚመች ነበር። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ነፋሱ የሚጋረፍ፣ ቆላና ደጋውን የሚያሳይ ተራራ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ላይ ነው። ይሁን እንጂ ብርዱ ይከብዳል፤ ውኃውም ይርቃል። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍልውኃ እየወረዱ መሰንበት ከጀመሩ በኋላ ነው ቤት ተሠርቶ ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» የተባለችው። ሜዳው ያን ጊዜ የጉለሌ፣ የገላንና የኤካ ኦሮሞዎች ከብት የሚያግዱበት፣ ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት አገር ነው። መኳንንቱ በየአቅጣጫው ሰፈር ተመሩ። እያንዳንዱ ሰፈር ጭፍራ፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤትና በረት ነበረው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ያነዳል? ቤቱ እንጨት ነው፤ አጥሩም እንጨት ነው። በሺሕ የሚቆጠር ሰው ግብር ከሚበላበት የቤተ መንግሥት አዳራሽ ጀርባ ያለው ወጥ ቤት ምን ያህል ፍልጥ እንደሚበላ መገመት ይቻላል። የእንጦጦን ጀርባና ወገብ ሸፍኖ የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት አለቀ። የሀገር ጥድ ለመጥረቢያ እስኪደርስ የአንድ ሰው ዕድሜ ይጠይቃል። በምዕራብ በኩል የመናገሻ ደን ቀርቶ ነበር፤ በትውፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት የሚባለው ይህ ደን በንጉሥ ትእዛዝ የተጠበቀ ነበርና ከመጥፋት ተርፏል። አዲስ ዓለም ለመናገሻነት የታጨችው እንጨት ከዚያ ወገን ስለሚገኝ ጭምር ነው።

መናገሻዋ ግን አልተነሣችም። ምክንያቱ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ አገር ውስጥ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዐድዋ ጦርነት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። አስገባው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ ሲሆን፣ ክብሩን ለሌላ ሰው የሚሰጡም አሉ። ማንም አስገባው ማን፣ ንጉሡ የዛፉን ጠባይ ቶሎ ተረዱ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለአጣና ይደርሳል። ከብት ቅጠሉን ስለማይበላው አጥር አያስፈልገውም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሲቆረጥ አለመሞቱ ነው፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ እያወጣ ደጋግሞ ይታጨዳል። እንዲህ ያለ ዛፍ አገሩ አይቶ አያውቅም ነበር። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲዳረስና ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሕግ ደግሞ ሰው መሬቱን የግሉ አድርጎ እንዲይዝና እንዲሸጥ ፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፍ መትከል ማገዶ ማግኛ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ርስት ማስከበሪያም ሆነ፤ ሳይለፉ ገቢ የሚያስገባ ንብረትም ሆነ።

አዲስ አበባን ዛፉ ብቻ ነው ያጸናት ማለት ግን ያጋንናል። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ሰፊ ግቢ አግኝተው ቤት ሠርተዋል፤ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተዋል፤ መኳንንቱም በድንጋይ መገንባት ጀምረዋል። ድንኳን ይነቀላል፤ የድንጋይ ቤት ተሸክሞ የሚሄድ ግን የለም። ሁለቱ ነገር ተደጋገፈ፦ ሰዉ መሄድ አልፈለገም፣ ዛፉም እንዳይሄድ አስቻለው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ለማርያም ታቦት ተሰጠ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የመናገሻው ጉዳይ ለዘለቄታው ተቆረጠ።

አዲስ አበባ ቁመናዋን ያገኘችው ከዚሁ ዛፍ ነው። የጭቃ ቤት ቋሚውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም ባሕር ዛፍ ሆነ፤ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይለሰንበትና ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብሳል። ድሃ በጥቂት ብርና በዘመድ ጉልበት ቤት ሊያቆም የቻለው አጣናው ርካሽ ስለሆነ ነው። ፎቅ ሲሠራም ግንበኛው የሚወጣበት መወጣጫ ያው አጣና ነበር። ቅጠሉ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይታጠንበታል። አንድ ከተማ በአንድ ዝርያ ዛፍ ላይ እንዲህ ሲደገፍ የሚታየው በብዙ አገር አይደለም።

ቅሬታውም ውሎ አላደረም። ምንጮች እየደረቁ ነው፣ ጉድጓድ እየነጠፈ ነው የሚል ስሞታ መሰማት የጀመረው ዛፉ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዋ ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል አዋጅ ወጣ። አዋጁን የፈጸመ የለም። ማን ይፈጽመው? ከዛፉ የሚያተርፉት አዋጁን ማስፈጸም የሚገባቸው ራሳቸው ባለመሬቶቹ ነበሩ፤ ድሃውም ከዚያ ሌላ የሚያነደው አልነበረውም። ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ የትግራይ ክልል ባሕር ዛፍ በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ሲከለክል የተነሣው ጭቅጭቅ ከዚያው የተለየ አይደለም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ቅጠሉ ደግሞ ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ራቁቱን የቀረውን ቁልቁለት የክረምት ጎርፍ ያጥበዋል። ይህንን የእንጦጦ ሥር ነዋሪ በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች ላይ በየክረምቱ አይቶታል። ነገር ግን ገበሬ ባሕር ዛፍን የሚወደው ሳያውቅ አይደለም። የልጁን የትምህርት ወጪ፣ የሠርጉንና የሕመሙን ቀን የሚሸፍንለት ቋሚ ገንዘብ ነው። ይህንን ሳይተኩ ዛፉን ማውገዝ ብቻውን ምንም አልለወጠም፤ ወደፊትም አይለውጥም።

በ1950ዎቹ የከተማዋን ዙሪያ የከበበው የባሕር ዛፍ ደን በአብዛኛው የንጉሣውያን ቤተሰብ፣ የመኳንንትና የባለጸጎች ንብረት ነበር። ልክ በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተነሡ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ በልባቸው የነበረው የደቡብ ጭሰኛ፣ ምርቱን ለባላባት የሚያካፍለው አራሽ ነው። ያ መፈክር አሥር ዓመት ሙሉ አልበረደም፤ የሥርዓቱን መሠረት አናጋ። ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ ከዚህ የሚስተካከል የንብረት ለውጥ የለም። የመኳንንቱ የባሕር ዛፍ ደንም በአንድ ቀን ባለቤቱን ለወጠ።

ያን ሁሉ ጊዜ ግን ተራራውን በየማለዳው የምትወጣና እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ነበረች። ስለ እሷ የተጻፈ መፈክር አልነበረም። አራሽ አይደለችም፤ ጭሰኛም አይደለችም፤ ወዛደር ተብላም አልተቆጠረች። ደኑ የመኳንንት ሳለ ወደ ሰው ንብረት የምትገባ ነበረች፤ የመንግሥት ሲሆንም ወደ መንግሥት ንብረት የምትገባ ሆነች። ለትውልዱ ንቅናቄ ትልቅ ክብር የሚገባው ቢሆንም፣ ይህችን ሴት አለማየቱ በታሪኩ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

ደርግ በ1970ዎቹ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሰፋፊ የማገዶ ደኖች አስተከለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ ከተማዋ የምታነደውን ራሷ ታብቅል። ከችግኙ ጋር ጠባቂ ተቀጠረ። ጭራሮና ቅጠል ለቃሚዋ ከጠባቂው ጋር ድብብቆሽ ገባች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደው የማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። ሴቶቹ በጀርባቸው የሚያወርዱት ሸክም በአማካይ ከ30 ኪሎ በላይ ነበር፤ የራሷን የሰውነት ክብደት የሚያህል የምትሸከምም አለች። ገና ያልጠኑ ልጃገረዶችና አሮጊቶችም ነበሩባቸው። ከተማዋ ከምታነደው እንጨት ሲሶ ገደማው የሚገባው በእነሱ ጀርባ ነበር። ጠባቂ ሲይዛቸው ሸክማቸው ይነጠቃል፤ ገንዘብ ይጠየቃሉ፤ ይደበደባሉ፤ የሚደፈሩም ነበሩ። ከማለዳ እስከ ማታ የተለፋበት እንጨት በገበያ የሚያወጣው ገንዘብ ለዕለት ዱቄትና ለሽሮ የሚበቃ ብቻ ነበር።

ይህ ጥናት መደርደሪያ ላይ አልቀረም። ሴቶቹ ራሳቸው ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተብሎ በእንጦጦ ግርጌ የሚታወቀው እሱ ነው። ሥራቸው ሽመናና ጥልፍ ሆነ፤ ያንገት ልብስና ጋቢ እየሠሩ ለከተማውም ለቱሪስቱም ይሸጣሉ። በሽሮ ሜዳ ዙሪያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ብዙ ዘመን ኖረዋልና እጅ ጥበቡ ለሰፈሩ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ከእመጫት እስከ አዛውንት ሴቶች ራሳቸው መወርወሪያ ይዘው ከሸማ ዕቃው መቀመጣቸው ነው፤ በልማድ ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነበርና። ማኅበሩ ሁሉንም ተሸካሚ አላቀፈም፤ ሊያቅፍም አይችልም ነበር። ተራራው ላይ በሺሕ የሚቆጠሩ ሌሎች ቀርተዋል። ሆኖም ስለ እነሱ ሌሎች ይናገሩ የነበረውን ጉዳይ እነሱ ራሳቸው የተናገሩበት መድረክ ነው።

ሸክሙን ከጀርባ ያቀለለው ግን በዋናነት የምድጃው መለወጥ ነው።

እንጀራ ማገዶ ይፈጃል። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ተቀምጦ ዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ነበልባሉ መንደድ አለበት፤ አብዛኛው ሙቀት በጎን ያመልጣል። በቤተሰብ ደረጃ ከሚቃጠለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ ይውላል። በ1980ዎቹ ሁለት ነገሮች ወጡ። አንዱ የኬንያውን የሸክላ ምድጃ አርአያ አድርጎ የተሠራው፣ ከሰል ቆጣቢው «ላቀች» ነው፤ አካሉ ብረት ሆኖ ውስጡ ሸክላ የለበሰ። ሌላው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው፤ በሲሚንቶና በፐሚስ ጠጠር ተሠርቶ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋል፤ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ከጋጋሪዋ ዓይን ያርቃል። ምርጥን የሚሠሩት ትንንሽ አምራቾች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች። እነዚህ ምድጃዎች ያዳኑትን የዛፍ ብዛት የሚያህል ሥራ የሠራ የደን ጥበቃ ዘመቻ ማግኘት ይከብዳል፤ ግን ሐውልት የላቸውም።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። መብራቱ ራሱ የቆየ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤልን ግድብ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። ለብዙ ዓመት ግን መብራት ማለት አምፖልና ራዲዮ ነበር። ወጥ የሚሠራው በላምባ፣ እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት ነው። አገር ውስጥ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ሲገባ ነው ተራራውና ማድ ቤቱ መለያየት የጀመሩት። ምጣዱ ሲሰካ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሰፈሩ ሁሉ ለበዓል ዋዜማ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ደግሞ ምርጫውን ዘጋው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልቻ አይጎለትም። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሣ የላምባ ዋጋ ናረና ቡታጋዙ ከየቤቱ እየወጣ ሄደ። የተረፈው ኤሌክትሪክና ከሰል ነው።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከወንዝ የሚመጣ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ ሆነ። የአዲስ አበባ ቤቶች ምጣዳቸው ቀዘቀዘ፤ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ሴቶች ሌሊት መብራት ሲመጣ እየተነሡ ማደር ያዙ፤ ጓሮ ያለው እንጨት ገዛ። ዝናብ ኦሞ ተፋሰስ ላይ ሲጠፋ እንጦጦ ላይ መጥረቢያ ይሰማል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ እናቶች ከሁሉ በፊት ያሰቡት የማይቋረጥ ምጣድ ነው ቢባል አያስገርምም። ግድቡ ያመነጨውን ኃይል ግን እስከ እያንዳንዱ ማድ ቤት የሚያደርሰው መስመርና ትራንስፎርመር ነው፤ የሚቀረው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

እንጦጦ ራሱ በዚህ መሀል ተለወጠ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፉን እያስወገደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መመለስ ጀመረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ የእግር መንገድ፣ ካፌና መዝናኛ ተሠራ፤ ከማገዶ ተሸካሚዎቹ የተወሰኑት እዚያው ሥራ አገኙ። ተራራው ዛሬ የሚወጣው አየር ለመቀበል ነው። ይህ በጎ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሀገር ዛፍ ሲበቅል ማየት ያስደስታል።

የከተማዋ ከሰል ግን ከየት ይመጣል? ከፊሉ ከአዊ ዞን ይመጣል፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጉዞ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ገበሬዎች ራሳቸው ያደራጁት አሠራር አለ። «ዲከረንስ» የሚሉትን የግራር ዝርያ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክሉታል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ለከብት ሣር ያጭዱበታል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል፤ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። አሲድ የበዛበትና ምርት የነሣ መሬት በዚህ ዘዴ አገገመ፤ የወረዳው የደን ሽፋንም ጨመረ። ምንም መንግሥታዊ ዘመቻ ሳይመራቸው፣ ከተማው የሚፈልገውንና መሬታቸው የሚችለውን አስማምተው ያደረጉት ነው፤ እንደ ምኒልክ ዘመን ተክል ሁሉ ይህም ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ሁሉም በአንድ ዝርያ ላይ መደገፉ ግን ዋጋ አስከፈለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቅጠሉንና ቀንበጡን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ በዲከረንሱ ላይ ተሠራጭቷል። ገበሬዎቹ የተበላሸውን ለጋ ዛፍ እየነቀሉ መሬታቸው ላይ ምን እንደሚያበቅሉ እየተማከሩ ነው፤ ከተመራማሪዎችም በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ይጠይቃሉ።